የብርሃን ቀለምና የካሜራ ፍርድ

የሰው ዐይን ከፈጣሪው በታደለው ጸጋ፣ ነጭ ነጠላን በቀትር ፀሐይም ሆነ በጧፍ ብርሃን ቢመለከት ነጭነቱን ሳይጠራጠር ያውቃል፤ የዲጂታል ካሜራ ግን የሚመዘግበው ከልብሱ ነጥሮ የደረሰውን ብርሃን ብቻ ስለ ሆነ፣ ወደ 1900 ኬልቪን የሚጠጋው የጧፍ ነበልባል ነጠላውን ብርቱካንማ፣ ከ7000 ኬልቪን ከፍ የሚለው የጥላ ሥር ብርሃን ደግሞ ሰማያዊ ያስመስለዋል።

ይህን ለማረም ከተበጁት ስልቶች ቀላሉ በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ያሉት ኅብረ ቀለማት ሁሉ ቢደመሩ አማካያቸው ግራጫ ይሆናል የሚል ሲሆን፣ ካሜራው አረንጓዴውን መሠረት አድርጎ ቀዩንና ሰማያዊውን ከእርሱ ጋር ያስተካክላል። የቀዩ አማካይ 150፣ የአረንጓዴው 100፣ የሰማያዊው 50 ቢሆን፣ ቀዩ ሁሉ ለ1.5 ይካፈላል፣ ሰማያዊው ሁሉ በ2 ይባዛል።

ግምቱ ጥበብ ያለበት ነው፤ ፍጥረት ግን ሁልጊዜ አይታዘዝለትም። በመስከረም አደይ አበባ ያለበሰውን መስክ ከዳር እስከ ዳር ብናነሣ፣ ካሜራው ቢጫነቱን የአበባው ሳይሆን የብርሃኑ ጠባይ ነው ብሎ ስለሚፈርድ ሰማያዊ ይጨምርበታል፤ ወርቅ የመሰለውም አበባ ይገረጣል። ከብዙ ፎቶግራፎች የተማሩት የዛሬዎቹ ስሌቶች ይህን ስሕተት በእጅጉ ቀንሰውታል።

ይሁን እንጂ እጅግ የተሳካው እርማት እንኳ ሁልጊዜ የሚወደድ አይመስለኝም። በማኅሌት ሌሊት ጧፉ በካህናቱ ፊትና በጸናጽሉ ላይ የሚያፈሰው ወርቃማ ብርሃን የሌሊቱ እውነት ነውና፣ እርሱን አጥቦ ማንጣት ከማረም ይልቅ ማጉደል ነው፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለው ሥፍራ ካሜራውን በፀሐይ ብርሃን መለኪያ ላይ በእጅ አጽንቶ ማንሣትን እመርጣለሁ።