ተማሪያቸውን የተከተሉ መምህር

በቦረና ደጋ፣ ከመካነ ሰላም አንሥቶ ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም እስካለችበት እስከ አማራ ሳይንት ድረስ፣ ዜማ ከመምህር አፍ የሚቀበሉት ሀብት እንጂ ከብራና ብቻ የሚለቅሙት ቃል እንዳልሆነ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህም የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የደጋውን ውርጭና የመንደሩን ውሻ ታግሦ፣ መምህሩ ወዳለበት ይሄዳል። መምህር ተማሪውን ተከትሎ አገሩን ሲለቅ ግን ባደግሁበት ምድር አላየሁም፤ አልሰማሁምም። የዚህን ነገር ታሪክ ያገኘሁት በባዕድ ከተማ፣ በኢየሩሳሌም ነው።

በኢየሩሳሌም ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሱቁ ይዘጋል፤ ሳምንቱን በሥራ የደከመ ስደተኛ የአገሩ ናፍቆት በሙሉ ኃይሉ የሚመጣበት በዚያች ሰዓት ነው። እኔም በዚያች ሰዓት በስማችን በሚጠራው በኢትዮጵያ መንገድ አልፌ ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት እሄዳለሁ፤ ክቡ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመ ነው። በዚህ ገዳም ቅጥር ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከፒያኖአቸው ጋር እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይኖሩ ነበር።

እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበረ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ላኳቸው፣ በዚያም ቫዮሊንና ፒያኖ ጀመሩ። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በኢጣልያ አሲናራ በምትባለው ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የተቋረጠውን ትምህርት ፍለጋ ወደ ካይሮ ወረዱ፤ በዚያም አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የተባሉትን ፖላንዳዊ የቫዮሊን ሊቅ አገኙ።

ከታሪካቸው ሁሉ ልቤን የሚይዘው ይህ ምዕራፍ ነው። በየቀኑ አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ ይማሩ ነበር፤ ይህ የድጓ ተማሪ ከሌሊት እስከ ሠርክ ከሚያሳልፈው ትጋት ጋር ቢወዳደር የሚያንስ አይደለም። የካይሮ ሙቀት ለጤናቸው ባልተስማማ ጊዜ ግን ትምህርቱ በመለያየት አልተፈጸመም፤ ተማሪዋ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ መምህሩም አብረው መጡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮንቶሮቪችን የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው፤ ተማሪያቸውም በዚያው በክብር ዘበኛ በጽሕፈት ሥራ አገለገሉ። እንዲህ ካይሮ ላይ በመምህርነትና በተማሪነት የተጀመረው ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ባልንጀርነት ተለወጠ።

ወደ ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተሰጣቸው ዕድል ሲከለከል፣ እማሆይ እህል አልቀምስም ብለው ለሞት ከቀረቡ በኋላ ይህን ዓለም ትተው መነኑ። የሄዱትም ወደ እኛው ወሎ፣ ወደ አምባሰል ነው፤ በግሸን ማርያም፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ናት በምትባለው መስቀለኛ አምባ ላይ፣ ፒያኖ በሌለበት፣ ዐሥር ዓመት በባዶ እግራቸው ኖሩ። ከዚያም በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያድሩ አይተው አዘኑ፤ ገንዘብ የሌላት መነኩሴ የምትመጸውተው ሙዚቃዋን ነውና፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን የታተመው የመጀመሪያው ሸክላ ገቢ ለችግረኞች ዋለ።

ያን ሸክላ ስሰማ የማኅሌት ሌሊት ይታወሰኛል፦ ቀኝ የቆመው ወገን ያነሣውን ግራው እንደሚቀበል፣ የእማሆይ ቀኝ እጅ ያነሣውን ዜማ ግራ እጃቸው ይቀበለዋል። ቀኙ ያሬድን የተማረ እጅ ነው፤ በግራው ግን የኮንቶሮቪች የካይሮ ትምህርት ሳይነጥፍ ይሰማኛል። ይህን አድናቂዎቻቸው ብዙ ጊዜ አያነሡትም፤ ሙዚቃው ከብሕትውና ብቻ እንደ ፈለቀ አድርገው ይጽፋሉ፣ ፍርዳቸውም የተሟላ አይደለም። ብሕትውናው ጥልቀት ሰጠው፤ እጅን ያሠለጠነው ግን መምህር ነው።

እማሆይ በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው እስከ ዕረፍታቸው እዚሁ ኖሩ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ሲል የድርሰቶቻቸው ኖታ በመጽሐፍ ታተመ፣ በዚሁም ከተማ ሥራቸው በኮንሰርት ተሰማ። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

የቦረናና የሳይንት ወገኖቼ ሆይ፣ በአብነት ትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ ሲመሰገን ወዲያው «መምህሩ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያምም የሚጠይቃችሁ ቢኖር፣ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ናቸው ብላችሁ መልሱለት።