ድሮዊንግ ሞተ እንዴ?

አንደኛ ዓመት ሳለን ጣታችን እስኪጠቁር በእርሳስ ስንሥለው የከረምነውን፣ ዛሬ ካድ የሚሉት ፕሮግራም ከሦስት አውታር ሞዴሉ ላይ የፊት፣ የላይና የጎን እይታ አድርጎ ባንዴ ይዘረግፍልናል። ታዲያ «ድሮዊንግ ሞተ» እንላለን። አልሞተም እኮ!

ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ ጠጣሩን አካል በወረቀት የማሳየትን ዘዴ በሥርዓት ሲያስቀምጠው፣ ወታደራዊ ምስጢር ሆኖ ተደብቆ ኖሯል፤ በመጽሐፍ የወጣው በ1799 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ምስጢር ዛሬ በጃችን ነው።

ግን ካዱ የሚያውቀው ቅርፁን እንጂ አንባቢውን አይደለም። ሞዴሉን ቆርጠህ አሳየን ስንለው፣ ካልነገርነው በቀር፣ በቁመቱ የተቆረጠውን ስስ ደጋፊ ክንፍ በሰያፍ መስመር ይሞላዋል። ደንቡ ግን አትሙላው ይላል፤ ድፍን ብረት መስሎ ይታያላ! አቀማመጡም አንድ አይደለም፦ በአውሮፓው ልማድ የላይ እይታው ከፊቱ በታች፣ በአሜሪካው ከፊቱ በላይ ይውላል። የትኛው እንደሆነ ምልክቱ ካልተደረገ፣ ማሽኑ ላይ የቆመው ጋሼ ምን ይወቅ? የተቆረጠ ብረት እንደሁ በላጲስ አይመለስ።

እይታውን ካዱ ያውጣው፤ የቱ ይበቃል፣ የቱ ይቅር የሚለውን ግን እኛው እንወስን። ከወረቀቱ ግርጌ የሚሰፍረው ስም የኛ ነዋ!