የ16 ዓመቷ ክፍለ ሀገር

በዛሬ የቻይና ካርታ ላይ ሺካንግ የምትባል ክፍለ ሀገር የለችም። እ.ኤ.አ. በ1939 ተቋቁማ በ1955 ፈረሰች፤ ምሥራቋ ለሲቹዋን፣ ምዕራቧ ለቲቤት ሆነ። ዕድሜዋ አጭር ቢሆንም፣ ካም ስለሚባለው የቲቤታውያን ምድር ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ወደ መዲናዋ ወደ ካንግዲንግ ይሄዳል። ቲቤታውያን ዳርሴዶ ይሏታል።

ከተማዋ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ጠባብ ሸለቆ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እንጀራዋ ሻይ ነበር። ከያአን ከተማ የሚነሱ ተሸካሚዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ የተጠቀጠቀ ሻይ በጀርባቸው ቆልለው አቀበት ቁልቁለቱን ከሁለት ሳምንት በላይ ይጓዙታል። ሸክሙ ከተሸካሚው ክብደት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዴ ከተቀመጡ መነሣቱ ጭንቅ ስለሆነ፣ ጫፉ ብረት የለበሰ ምርኩዛቸውን ከሸክሙ ሥር ደግነው ቆመው ያርፋሉ። ምርኩዙ የቦረቦረው ድንጋይ ዛሬም በአሮጌው መንገድ ላይ ይታያል።

ካንግዲንግ ሲደርስ ሻዩ በጥሬ የያክ (የቲቤት ጸጉራም የቀንድ ከብት) ቆዳ ይሰፋል፤ ከዚያ ወዲያ ተሸካሚው ያክና በቅሎ ነው። ገዢና ሻጭ የሚገናኙት ጉዎጁዋንግ በሚባሉ ግቢዎች ነበር፤ 48 ነበሩ ይባላል። ቲቤታዊው ነጋዴ ከነጭነቱ ያርፋል፣ የማደሪያ አይጠየቅም። ብዙ ጊዜ ሴት የሆነችው የግቢው ባለቤት ታስተረጉማለች፣ ዋስ ትሆናለች፣ ዋጋ ታስማማለች፤ ድርሻዋን የምታገኘው ከሽያጩ ነው። በዚያ ምድር ላይ ከታወጀው አስተዳደር ሁሉ ይህን የመተማመን ሥርዓት አብልጬ እወደዋለሁ።

አስተዳደሩማ ሻካራ ነበር። ለዘመናት አገሩን የገዙት ከቤጂንግ ማኅተም የተቀበሉ የአካባቢው ባላባቶች ናቸው፤ በካንግዲንግም የቻክላ ንጉሥ ነበር። ከ1905 በኋላ ዣዎ ኤርፌንግ የተባለው የቺንግ መንግሥት ሹም ባላባቶቹን በጦር እየሻረ፣ ገዳማትን እያፈረሰ በቻይናውያን ሹማምንት ተካቸው። እሱም በ1911 ቼንግዱ ላይ አንገቱ ተቀላ። ክፍለ ሀገሯን ከ1939 ጀምሮ የገዛው የሲቹዋኑ የጦር አበጋዝ ሊዩ ዌንኹዊ ነው። ወሰኗ በወረቀት ላይ ከጂንሻ ወንዝ ማዶ ዘልቆ ይሄዳል፤ የእሱ ትእዛዝ ግን ወንዙን አልተሻገረም።

በ1949 መጨረሻ ሊዩ ወደ ኮሚኒስቶቹ ዞረ። በቀጣዩ ዓመት ካንግዲንግ የቲቤታውያን ራስ ገዝ አካባቢ መቀመጫ ሆነች፤ የክፍለ ሀገሯ መዲናነት ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ያአን ሄደ። በ1954 የመኪናው መንገድ ላሳ ገባ። ሻዩ በካሚዮን መጫን ሲጀምር የተሸካሚውም፣ የቆዳ ሰፊውም፣ የግቢዎቹም ሥራ አበቃ። የ1955ቱ ውሳኔ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሺካንግ በቀጠለች ኖሮ አልልም። ኦፒየም የሚዘራባት የወታደር ግዛት ነበረች፤ የተሸካሚውም ጀርባ ማረፉ ደስ ያሰኛል። የምናፍቀው ግቢዎቹን ነው፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች በአንዲት ሴት ቃል ተማምነው የሚገበያዩባቸውን ግቢዎች።