የአንድ ብር ፏፏቴ

አባቴ በዳዊቱ ገጾች መካከል አንዲት የአንድ ብር ኖት ያስቀምጣል። በ1969 ዓ.ም. ከወጡት ብሮች አንዷ ናት፤ በፊቷ የአንድ ልጅ ምስል፣ በጀርባዋ ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴና ወፎች አሉባት። “የማይመነዘር ብር” ይላታል። በ1977 ዓ.ም. ከላስታ ወደ ኮረም በእግሩ ሲሰደድ በመቀነቱ የቋጠራት እርሷን ብቻ ነበር። በመንገዱ ሁሉ የሚገዛ እህል አልነበረምና ሳትመነዘር ተመለሰች፤ ታናሽ እኅቱ ግን ከዚያ መንገድ አልተመለሰችም። ስለዚያ ጉዞ ሲናገር የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። “ውሃ ስትለምነኝ የብሩን ሥዕል አሳየኋት” አለና ወሬውን ለወጠ።

በ1995 ዓ.ም. የገና ሰሞን አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ አልጋውን፣ ምድጃውንና መታጠቢያውን በሆዱ በያዘ መኪና ላሊበላ ገባ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ መኪናውን ከበበ። ድንጋይ ጠራቢው አባቴም ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሮ አየውና፣ “ዔሊም እንዲሁ ናት፤ ቤቷን ተሸክማ ትሄዳለች” ብሎ ሳቀ። ማታ ራት ላይ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ፣ “እኛም እኮ ዕቃችንን ጭነን እንሄድ ነበር፤ ሲርበን ብቻ ሆነ እንጂ” አለ።

በዓመቱ፣ ጥር 1996 ዓ.ም.፣ አጎቴ በአይሱዙው ያመጣውን እህል አራግፎ ባዶውን ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ ቤተሰቡን በሙሉ ሊወስድ ተስማማ። እናቴ የጭነቱን ወለል ፍራሽና አጎዛ አለበሰችው፤ ቡታጋዙን፣ ጀበናውን፣ የበሶውን ስልቻና ከምንጫችን የተቀዳ አንድ ጀሪካን ውሃ ጥግ አስያዘች፤ ከላይ ሸራ ተወጠረ። ጎረቤት ሊሸኘን ወጣ። አንዲት አሮጊት ግን የተጫነውን ዕቃ ባዩ ጊዜ፣ “ምነው ልጆቼ፣ ደግሞ ምን መጣብን?” ብለው አለቀሱ። አባቴ ከመኪናው ወርዶ ጉልበታቸውን ሳመ። “ምንም አልመጣም እናቴ። አገር ልናይ ነው” አላቸው።

በጋሸና ወጥተን ቻይናዎች የሠሩትን የጠጠር መንገድ ይዘን ምዕራብ አቀናን። አቧራው በሸራው ሥር እየገባ ለሁላችንም አንድ ዓይነት መልክ ሰጠን። ንፋስ መውጫን አልፈን፣ ጉና ተራራ ግርጌ ቆመን ቡና አፈላን። ሌሊቱን ወረታ አጠገብ መኪናው ላይ ስናድር፣ በትምህርት ቤት የተማርኩትን ለአባቴ ነገርኩት፦ የላስታ ውሃ ወደ ተከዜ እንደሚወርድ፣ ተከዜም ሱዳን ገብቶ አትባራ ተብሎ ከካርቱም በታች ከዓባይ ጋር እንደሚገናኝ።

“ታዲያ እስከዚያ ድረስ ሳይተያዩ ነዋ የሚሄዱት” አለኝ። ንጉሥ ላሊበላ የዓባይን ውሃ ከመንገዱ ሊመልሰው አስቦ ነበር የሚለውን አፈ ታሪክ አውርቶልኝ እንቅልፍ ወሰደን።

በማግሥቱ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ጢስ ዓባይ መንደር ደረስን። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ስንሻገር አባቴ መጋጠሚያዎቹን በመዳፉ እየዳሰሰ ወደኋላ ቀረ። እኔ ቀድሜ ጉብታውን ወጣሁ፤ ባየሁትም ደነገጥኩ። ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ገደል ጥቁር ሆኖ ቆሟል። በክረምት እስከ 400 ሜትር ይሰፋል የተባለው ውሃ በአንድ ጥግ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኖ ይወርዳል። ጢስ የሚባል ነገር የለም።

መንገድ መሪያችን ወጣት ነበር፤ ነገሩን ያስረዳን ራሱ እንዳጠፋ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው። በ1950ዎቹ ከተሠራው አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ሌላ፣ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሁለተኛ ጣቢያ ሥራ ጀምሯል። ውሃው ፏፏቴው ጋ ሳይደርስ በቦይ ይጠለፍና ተርባይኖቹን አዙሮ ከገደሉ በታች ወደ ወንዙ ይመለሳል። “በበጋ አብዛኛው በዚያ ነው የሚሄደው፣ አባባ” አለ።

አጎቴ፣ “ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው?” ብሎ ተቆጣ። እናቴ አባቴን እንጂ ገደሉን አላየችም። እርሱ ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጣ፤ ብሯን በሁለት ጣቶቹ ይዞ ከገደሉ ትይዩ አነሣት። በብሯ ላይ ውሃው ሙሉ ነው።

“መብራቱስ ወዴት ይሄዳል?” ሲል ልጁን ጠየቀው።

“ወደ አገሩ ሁሉ።”

“ላስታም ይመጣል?”

“መስመሩ ከደረሰ ይመጣል፣ አባባ።”

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ገደሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ የተቦረቦረውን፣ የተላገውን፣ እንደ ዓምድ የቆመውን ሁሉ በጣቱ አሳየኝ። “የእኛዎቹ ቤተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች ነው የተጠረቡት። ይህም ከላይ ወደ ታች ነው። ውሃው ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ሥራውን አላይለትም ነበር” አለ። ሊያጽናናን ይሆን ወይም የልቡን፣ ዛሬም አላወቅሁም።

ከዚያ ጀሪካኑን ከመኪናው እንዳመጣ አዘዘኝ። ወደ ወንዙ ወረድን። የላስታን ውሃ ቀስ እያደረገ ወደ ዓባይ አፈሰሰው። “እስከ ሱዳን ለምን ይጠባበቃሉ?” አለ። ጀሪካኑ ሊያልቅ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የእኅቱን ስም ጠራ። ባዶውን ጀሪካን ከዓባይ ሞላነው፤ እናቴም ስንመለስ ጉና ግርጌ በዚያ ውሃ ቡና አፈላችበት።

እኔ ኋላ ባሕር ዳር ሥራ ይዤ ቀረሁ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ተመርቆ ከሐይቁ ውሃ በዋሻ መውሰድ ጀመረ። የአንድ ብሩ ኖትም ቀስ በቀስ ለሳንቲም ቦታውን ለቀቀ። ክረምቱ ሲበረታ ግን ፏፏቴው ስሙን የሚያስታውስባቸው ሳምንታት አሉት፤ በየመስከረሙ እየሄድኩ ለአባቴ በስልክ እነግረው ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። ስልክም መብራትም ጠፋ። ለወራት ወላጆቼ በሕይወት መኖራቸውን አላወቅሁም። ስልኩ ቀድሞ ተመለሰ። የአባቴን ድምፅ ስሰማ ማልቀሴን እንዳይሰማብኝ፣ “መብራትስ?” አልኩት።

“ገና ነው። እኛ በኩራዝ ነን። ይሄኔ ውሃው ለገደሉ ተርፎ ይሆናል፤ ሄደህ እይልኝ።”

በሳምንቱ ሄድኩ። በጋ ነበር። ከጉብታው ላይ ደውዬ ስልኩን ወደ ገደሉ ዘረጋሁት። ውሃው ያኔ እንዳየነው ቀጭን ነበር፤ እንዲህ ብዬ ልነግረው ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልስ ቀደመኝ።

“ዝም በል” አለኝ። “ይሰማኛል።”