አዋሽ ባሕር አይደርስም

ዲቾቶ ስንመጣ ብዙ የምናውቅ መስሎን ነበር። ካርታ ሰቅለን፣ «ወንዝ ሁሉ ወደ ባሕር ይፈሳል» ብለን አስተማርን።

አንድ ግመል አርቢ ሽማግሌ፣ «ልጆቼ፣ አዋሽስ?» አሉን።

ዝም አልን። እውነታቸውን ነው። አዋሽ ከጊንጪ በኩል ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ውሃው በፀሐይ ይተናል፤ ጨው ይቀራል።

ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። «ታዲያ ባሕሩ ለምን አይገባም?» ተባልን። በመሐል ከፍታ አለ። ድሮ ድሮ ግን ገብቶ ነበር፤ የዳሎል ጨው የዚያ ባሕር ቅሪት ነው።

በአውሮፓ፣ ሆላንድ የሚባል አገር አለ። ሩብ ያህሉ ከባሕር በታች ነው። እዚያ ባሕሩን የሚከለክለው ተራራ አይደለም፤ በአመዛኙ ሰው የሠራው ግድብ ነው። ውሃውን ድሮ በነፋስ ወፍጮ፣ ዛሬ በሞተር ይቀዳሉ። በጥር 1945 ዓ.ም. ማዕበል ግድቡን በሌሊት ሰብሮ 1,836 ሰው ሞተ።

«ማንም አልነገራቸውም?» አለች አንዲት የአሳይታ ሴት።

ሌሊት ሬዲዮው ዝግ ነበር፤ ብዙው ሰው ተኝቷል አልናት።

«እኛ አዋሽ ሲሞላ አንተኛም» አለች።