በእጀታ ውስጥ ስለሚሰወረው ካዝና

ከአባት ወይም ከአያት የተላለፈ ሽጉጥ በእጁ የገባለት ሰው አስቀድሞ የሚመረምረው የብረቱን ጥራት፣ በጎኑ የተቀረጸውን የሠሪውን ስምና የተሠራበትን ዘመን፣ የእጀታውንም ጌጥ ሲሆን፣ በእጀታው ውስጥ ተሰውሮ የሚቀመጠውን ካዝና ግን እንደ ተራ ማኅደር ቈጥሮ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ጥይቱን በሥርዓቱና በጊዜው ወደ በርሜሉ የሚያቀርበው ካዝናው ነውና፣ የመሣሪያው ታማኝነት በአብዛኛው የሚመረኰዘው በዚህ በተናቀ ቆርቆሮና በውስጡ በተጠመዘዘው ሞላ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሐርጌሳ፣ ከሼክ ኑር ሰፈር ነው። ይህች ከተማ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የብዙ መንግሥታትን መሣሪያ ያየች ናት (ዓመታቱን በፈረንጆች አቈጣጠር እጠቅሳለሁ)። በነሐሴ 1940 ኢጣልያኖች ከኢትዮጵያ ተነሥተው የእንግሊዝን ሶማሌላንድ ሲወርሩ 1934 የሚባለውን የቤሬታ ሽጉጥ ይዘው መጡ፤ በመጋቢት 1941 በበርበራ በኩል የተመለሱት እንግሊዞች ደግሞ በሚዞር ከበሮ ስድስት ጥይት የሚይዙትን፣ ካዝና የማያሻቸውን ዌብሊንና ኤንፊልድን ይታጠቁ ነበር። ከነጻነት በኋላ የሞቃዲሾ መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲወዳጅ ቶካሬቭና ማካሮቭ ገቡ፤ በ1977 ያ ወዳጅነት ፈርሶ ሶቪየቶች ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ ሲያዞሩ፣ በኦጋዴን ጦር ሜዳ ከአንድ አገር ፋብሪካ የወጣ መሣሪያ በሁለቱም ወገን ተሰለፈ። በ1988 ሐርጌሳ ከራሷ ማረፊያ በተነሡ የዚያው መንግሥት አውሮፕላኖች ተደብድባ ፈረሰች፤ በ1991 ሶማሌላንድ ነጻነቷን ካወጀችና በ1993 የቦረማ ጉባኤ ሰላምን ካጸና በኋላ፣ በፕሬዝዳንት ኢጋል ዘመን ሚሊሺያዎች ከባዱን መሣሪያ ለመንግሥት አስረከቡ፤ ቀላሉ መሣሪያ ግን ብዙው በየቤቱ ቀረ። በእኛም አገር በኢትዮጵያ ከጠላት ወረራ ዘመን ጀምሮ የተማረከው፣ የተሸለመውና የተወረሰው ሽጉጥ ታሪክ ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

እስቲ ቤሬታውን እንመልከት። ካዝናው ሰባት አጭር የ9 ሚሊሜትር ጥይት የሚይዝ ሲሆን፣ ከግርጌው ወደ ፊት ወጣ ያለ የትንሽ ጣት ማሳረፊያ አለው። የመጨረሻው ጥይት ከተተኰሰ በኋላ በብዙ ሽጉጦች ተንሸራታቹን የላይ ብረት ወደ ኋላ ይዞ የሚያቆመው ለዚሁ ብቻ የተሠራ መያዣ ነው፤ በዚህ ግን ብረቱን የሚያግደው ጥይቱን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው የካዝናው ምላስ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶው ካዝና በተነቀለ ቍጥር የላዩ ብረት በራሱ ሞላ ኃይል ተጭኖ ምላሱን ይፍቀዋል፤ ይህ ድርጊት ለሰማንያ ዓመት ሲመላለስ የኖረበት ካዝና ጠርዙ የተሸረሸረ እንደ ሆነ፣ ሽጉጡ ጥይት መጨረሱን ለባለቤቱ የሚያስታውቅበትን ምልክት ያጣል። የላዩ ብረት 1937 ከፋሺስቱ ዘመን የሮማ ቍጥር ጋር ተቀርጾበት ሲያበራ እያየ የሚደነቅ ገዢ፣ ይህን መሸርሸር በእጁ ካልዳሰሰ በቀር በዐይኑ አያገኘውም።

ማካሮቭ ሌላ ጠባይ አለው። ስምንት ጥይት የሚይዘው ካዝናው ጎንና ጎኑ ክፍት ስለ ሆነ፣ የቀረው ጥይት ስንት እንደ ሆነ ለማየት ይመቻል፤ አቧራም በዚያው መስኮት እንደ ልቡ ይገባል፤ የሐርጌሳን የበጋ ነፋስ የሚያውቅ ሰው ይህን አያቃልለውም። በዚህ ላይ የካዝናውን ወለል ቈልፎ የሚይዘው የሞላው የታችኛው ጫፍ ራሱ ስለ ሆነ፣ ልኩ ያልሆነ ሞላ የገባበት ካዝና ወለሉ ሊወልቅና ጥይቱ ሁሉ መሬት ላይ ሊፈስ ይችላል።

እንግዲህ የአሮጌ ካዝና ዋጋ ስንል ሁለት ነገር መለየት ይገባናል፤ አንዱ የቅርስነት ዋጋ፣ ሁለተኛው የአገልግሎት ዋጋ ነው። ጀርመኖች ለሉገር ሽጉጥ የሚሰጡትን ሁለተኛ ካዝና በሽጉጡ ቍጥር ላይ የመደመር ምልክት ጨምረው ይመቱበት ስለ ነበር፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች ቍጥሩ ከሽጉጡ የሚስማማውን ካዝና ከማይስማማው አብልጠው ይገዙታል፤ ነገር ግን የቍጥሩ መስማማት ስለ ሞላው ጥንካሬ አንዳች አይመሰክርም። በአሜሪካም በ1994 የወጣው ሕግ ከዐሥር ጥይት በላይ የሚይዝ አዲስ ካዝና ለሕዝብ እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ ቀድሞ የተሠራውን ግን ስለ ፈቀደ፣ ሕጉ በ2004 ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ የአሮጌው ካዝና ዋጋ ናረ፤ ያን ዋጋ ያወጣው ሕግ ነው እንጂ የሞላው ብርታት አልነበረም። በገበያ የተወደደ ሁሉ በአገልግሎት ርቱዕ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ነፍሱን ለዋጋ ተማኝ አሳልፎ እንደ ሰጠ ይቈጠራል።

አሮጌ ካዝና የሚመረምር ሰው፣ አስቀድሞ ሽጉጡም ካዝናውም ጥይት የሌለባቸው መሆናቸውን አረጋግጦ፣ ከሁሉ ይልቅ ዐይኑን የሚያሳርፈው በአፉ ላይ ይሁን፤ ጥይቱን አቅፈው የሚይዙት ሁለቱ ከንፈሮች ከተከፈቱ፣ ከተጣመሙ ወይም በማዕዘናቸው የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካሳዩ፣ ጥይቱ ከልኩ ቀና ወይም ደፋ ብሎ ስለሚቀርብ ሽጉጡ ሲቀባበል ይነክሳል፤ ይህን በጕጠት አስተካክላለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ብረቱን አድክሞ ይተወዋል። ከዚያ ምላሱ ሲጫን ሳይንጋደድ መውረዱንና ሲለቀቅ ፈጥኖ መመለሱን፣ ጎኑ አለመጐድጐዱን፣ በውስጡ ዝገትና የደረቀ ቅባት አለመኖሩን ይመልከት። ጥይት ሞልቶ ማቆየት ሞላን ይገድላል የሚለው ብሂል በብዙዎች አፍ ይነገራል፤ ጥሩ ሆኖ የተሠራ ሞላ ግን ይበልጥ የሚደክመው ከልኩ በላይ ሲጨመቅ፣ ዘወትር ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ ከሁሉም በላይ ዝገት ሲበላው ነው። የበርበራ ጨዋማ አየር ለሞላ ከፍተኛ ጠላት ነው። ይህ ሁሉ ምርመራ ግን ጥርጣሬን ያስነሣል እንጂ እምነትን አይፈጥርም፤ እምነት የሚገኘው በሕጋዊ የተኩስ ቦታ፣ ባለሙያ ባለበት፣ ካዝናው ደጋግሞ ተሞልቶ ሳይነክስ ሲጨርስ ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሰብሳቢው ሳይሆን ዘበኛው ነው። በዚህም ከተማ ሆነ በአዲስ አበባ፣ ባለ ንብረት ለሌሊት ጠባቂው አሮጌ ሽጉጥ ሰጥቶ እርሱ ሲተኛ፣ ያ ድኻ ሰው ካዝናው ስለ መፈተኑ አይነገረውም፤ አደጋ ሲመጣም በእጁ የቀረው ያልተፈተነ ብረት ይሆናል። መሣሪያውን በፈቃድ ያስመዘገበ አሠሪ (በኢትዮጵያ፣ በአገሪቱ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 ፈቃድን ግዴታ አድርጓል) ካዝናውን አስመርምሮ፣ ሞላውን አስለውጦ፣ ካልሆነም አስወግዶ በታመነ ካዝና መተካት ይገባዋል፤ የወር ደመወዝ እንደ መክፈል ያለ ግዴታው ነው ብዬ አምናለሁ።

ለቅርስ የሚቀመጠውን በተመለከተ ግን ምክሬ የተለየ ነው፦ አይወልወል፣ አዲስ ቀለም አይቀባ፣ ቍጥሩም አይፋቅ። ሞላው ከተለወጠ አሮጌው ሞላ በዘይት በታሸ ጨርቅ ተጠቅልሎ አብሮ ይቀመጥ፤ መቼ እንደ ተለወጠ፣ የትኛው ካዝና ከሽጉጡ ጋር እንደ መጣና የትኛው በኋላ እንደ ተጨመረ፣ የትኛውም ለተኩስ እንደማይታመን በወረቀት ተጽፎ ከፈቃዱ ጋር ይያያዝ።