መጥኖ መደቆስ

ሳይመጥን ደቁሶ፣ ድስቱን ከጣደ በኋላ የሚያለቅስ ሰው በአበው ተረት ሲዘለፍ ይኖራል። እኔም ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ለሌላው የተነገረ እንጂ ለእኔ የተነገረ አይመስለኝም ነበር። ለእኔም መነገሩን ያወቅሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ በነበርሁበት ጊዜ ነው።

መሥሪያ ቤታችን የመምህራንን የዝውውር ዝርዝር የሚያወጣበት ድረ ገጽ ነበረው። ድረ ገጹ የሚሠራው በድሩፓል ሲሆን፣ ይኸውም ጽሑፉን በዳታቤዝ አስቀምጦ፣ አንባቢ በጠየቀ ቁጥር ገጹን እየገጣጠመ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። አዲስ ሰርቨር እንዲገዛ በተፈቀደ ጊዜ መግለጫውን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። የተመዘገቡት ተጠቃሚዎች 40 ሺህ ስለ ነበሩ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ይበቃል ብዬ ባለ 16 ኮር ፕሮሰሰር ጠየቅሁ፤ ገንዘቡም በዚሁ ስላለቀ ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ቀረ።

በክፍሌ የነበረ አንድ ወጣት ባለሙያ ግን፣ «ጋሼ፣ የተመዘገበው ሰው ቁጥር ብቻውን አይበቃንም። በአንዲት ሴኮንድ ስንት ጥያቄ ይመጣል? እያንዳንዱስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? አስቀድመን ብንለካው ይሻል ነበር» አለኝ። እኔም፣ «ይህን ሥራ አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ» ብዬ አፉን አስያዝሁት።

ዝርዝሩ በወጣበት ጧት ድረ ገጹ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላው ቆመ። በኋላ መዝገቡን ስንመረምር በሴኮንድ 150 ጥያቄ ይመጣ ነበር። እያንዳንዱ ግማሽ ሴኮንድ ሲፈጅ፣ በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ የሚገኙት 75 ናቸው ማለት ነው፤ ይህም አሜሪካዊው ሊቅ ጆን ሊትል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ ነው። አንዱ ጥያቄ 80 ሜጋባይት ሜሞሪ ስለሚይዝ 75ቱ 6 ጊጋባይት ይፈልጋሉ፤ ዳታቤዙም 3 ይወስዳል። ድምሩ 9 ሆነ፤ ያለን ግን 8 ነው።

ሜሞሪው ሲሞላ ማሽኑ የተረፈውን ወደ ዲስክ ማመላለስ ጀመረ፤ ዲስክ ደግሞ ከሜሞሪ እጅግ የዘገየ ነው። ግማሽ ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው ጥያቄ 4 ሴኮንድ ሲፈጅ፣ 75 የነበሩት ወደ 600 አሻቀቡ። መዘግየቱ ብዛትን ወለደ፤ ብዛቱም መዘግየትን። ያን ያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ፕሮሰሰርም ዲስኩን ሲጠብቅ ሥራ ፈትቶ ዋለ።

በስብሰባው ላይ ምክንያቱን ስጠየቅ፣ «የተላከልን ማሽን ደካማ ነው» አልሁ። ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። ቢናገር ኖሮ በተከራከርሁት ነበር፤ ዝምታው ግን መልስ አሳጣኝ። በሳምንቱ አንድ መምህር የጻፉት ደብዳቤ ደረሰን። ከትምህርት ቤታቸው ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው ከተማ ገብተው፣ ለኢንተርኔት ቤት ከፍለው እስከ ማታ ቢቀመጡም፣ ስማቸውን ሳያዩ ተመልሰዋል። ደብዳቤው ዘለፋ አልነበረበትም፤ የሚጠይቀው «ዝርዝሩ መቼ ይታያል?» ብሎ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ወጣቱን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁትና ሥራውን ለእርሱ ሰጠሁት። እርሱም በመጀመሪያ፣ ለእንግዳ ሁሉ የሚቀርበው ወጥ አንድ ዓይነት ከሆነ ለየሰዉ ድስት መጣድ እንደማያስፈልግ አስረዳኝ፤ ገጹ አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንዲቀመጥና ሳይገባ ለሚያነብ ሁሉ እንዲታደል አደረገ። ቀጥሎም ከ8 ጊጋባይቱ 3ቱን ለዳታቤዙ፣ 1ዱን ለሲስተሙ ትቶ፣ የቀረውን ለ80 ሜጋባይት አካፈለና፣ ከ50 በላይ ጥያቄ በአንድ ጊዜ እንዳይስተናገድ ወሰነ፤ የተረፈው በር ላይ ተራውን ይጠብቃል እንጂ ቤቱን አያፈርስም። በመጨረሻም ከሚጠበቀው በላይ የሆነ የሙከራ ጥያቄ እየላከ ማሽኑን ፈተነው። በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩ በዚያው ማሽን ላይ ወጣ፤ አልቆመምም።

እኔም በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ደካማው ማሽኑ እንዳልነበረ ተናገርሁ። ከመናገሬ በፊት የነበረው ዓመት ግን ረዥም ነበር። ግዢ የሚፈርም ሁሉ ከቁጥሩ አስቀድሞ ቁጥሩን የሚያውቀውን ሰው ይጠይቅ፤ ሰውየው በዕድሜ ቢያንሰውም እንኳ አይፈር።